ፊውዙ ኪሴ ነው

የመጀመሪያው ፓነል የተሰበረው በጭንቅላት ነው።

ጭንቅላቱም ሳይሰነጠቅ አልቀረም፤ ግን የቴስታ ጭንቅላት ስለሆነ ማንም አላዘነለትም። ቴስታ ሕንፃው ምድር ቤት ውስጥ የበርና የመስኮት ብረት የሚበይድ፣ ትከሻው ቁም ሣጥን የሚያህል ሰው ነው። ከተማሪነቱ ጀምሮ ጠብ ሲነሳ እጁን ኪሱ ከትቶ በግንባሩ ብቻ ስለሚማታ፣ ይህን ስም ያወጡለት የተመቱት ናቸው። እናቱ እንኳ ራሳቸው ያወጡለትን ስም ትተው በዚሁ ይጠሩታል።

የዚያን ዕለት ጠዋት ደረጃው መሐል ላይ ቆሞ፣ ሁለት ሸካሚዎች እያለከለኩ ወደ ላይ የሚያወጡትን ሰፊና ጥቁር መስታወት ከላይ እስከ ታች ቃኘው።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"ሶላር ነው፣ ጋሼ።"

"የማን ሶላር?"

"የእህትህ።"

ሌላ ጥያቄ አልነበረውም። አንገቱን ወደ ኋላ ሰብሰብ አድርጎ ግንባሩን መሐሉ ላይ ተከለው። መስታወቱ ጸና፤ ሸካሚዎቹ ግን አልጸኑም፣ ለቀቁት። ጥጉ የደረጃውን ሲሚንቶ ሲነካ ፓነሉ በአንዴ ፍርክስክስ አለና እንደ ፈሰሰ ጨው ደረጃውን ሞላው። ቴስታ ከቅንድቡ የሚወርደውን ደም በእጅጌው ጠርጎ፣ "የሚቀጥለውን አምጡ" አለ።

ይህን ሁሉ ከፎቁ በር ላይ ሆና ያየችው ታናሽ እህቱ ናት። እሷን ደግሞ ሰፈሩ ምስማር ይላታል፤ ቀጭን፣ ቀጥ ያለች፣ በመዶሻ ካልሆነ የማትገባ፣ ከገባች ደግሞ ግድግዳውን ገንጥላ ካልሆነ የማትወጣ። ትሪዎቿን ልታጥብበት በባልዲ የበጠበጠችው በረኪና አጠገቧ ነበር። አልተሳደበችም። ስድብ ሰውን ያነቃዋል። ባልዲውን አንስታ ከላይ ወደ ታች ገለበጠችበት።

"ዓይኔን! ዓይኔን አጠፋችው! እማዬ!"

ጺሙ የሸበተው ሰውዬ እማዬ እማዬ እያለ ግድግዳ ለግድግዳ እየዳበሰ ወደ ቧንቧው ወረደ። እናትየው ሕንፃው መግቢያ ላይ ወንበራቸውን ዘርግተው መንገደኛውን ይገመግሙ ነበር፤ ዘወርም አላሉ።

"ምን ሆንክ?"

"በረኪና ደፋችብኝ!"

"ታጠበው። ላንተ እንኳ ያስፈልግህ ነበር።"

ምስማር ባዶውን ባልዲ እንደያዘች ወደ ሸካሚዎቹ ዞረች። "ምን ትገተራላችሁ? ዓይኑ እስኪገለጥ የቀሩትን አውጡ!"

ነገሩን ለማያውቅ ሰው ይህ ለአንድ ጣሪያ የበዛ ጭካኔ ይመስለው ይሆናል። አልበዛም። አባታቸው ሞት ሳይቀድማቸው ንብረታቸውን አካፍለው ነው የሞቱት፤ ምድር ቤቱን ለወንዱ፣ ፎቁን ለሴቷ፣ ደረጃውንና ሽንት ቤቱን ለጋራ፣ የዳኝነቱን ሥልጣን ደግሞ ለሚስታቸው። ማንም ቅር እንዳይለው የግቢውን ፓፓያ ሳይቀር በቅርንጫፍ ከፍለውታል። የረሱት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ጣሪያውን። ጣሪያን ዝናብ ካልገባ ማን ያስታውሰዋል?

ዝናቡ ሲገባ ታዲያ ጣሪያው ወላጅ አልባ ሆነ። ምስማር "ታላቅ አንተ ነህ፣ ጠግነው" ስትል፣ ቴስታ "ከላዬ ያለሽው አንቺ፣ ከላይሽ ያለው ጣሪያ፤ ምን አገናኘኝ?" ይላል። በመጨረሻ ጎረቤት ተሰብስቦ ሲጠይቀው ግንባሩን እየደለቀ ማለ። "ጣሪያው የኔ ከሆነ አባቴ ይሙት!" አባትየው ከሞቱ ቆይተዋልና መሐላው ምንም አላስከፈለውም። ምስማር ብቻዋን ወጣች፣ የዛገውን ቆርቆሮ ነቀለች፣ አዲስ መታች፣ አውራ ጣቷንም አብራ መታች። ጣሪያው ውኃ ማስገባቱን ተወ። ቴስታም ጣሪያ የሚባል ነገር መኖሩን ረሳው፤ ፓነል ሊወጣበት ነው እስኪባል ድረስ። የዚያን ቀን የበኩር ልጅነቱ ትዝ አለው።

የሚያናድደው ሶላሩ ግን አልነበረም። ፎቁ ነበር።

ፎቁ የጫጩት መፈልፈያ ነው። ምስማር ዕንቁላሎቹን በትላልቅ ማሽኖች ውስጥ ታሞቃቸዋለች፣ ታገላብጣቸዋለች፣ ሲፈለፈሉ ጫጩቶቹን ለአርቢዎች ትሰጣለች። ሥራው ከመብራት በቀር ጠላት የለውም። ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ፣ ጫጩቶቹ ቅርፊቱን በስተው ምንቃራቸውን ብቅ ሲያደርጉ፣ መብራት ሄደ። ምንቃራቸውን እንዳወጡ ደርቀው ቀሩ። ቴስታ ሽታውን ምክንያት አድርጎ ከእናቱ ፊት ቀረበ። እናትየውም ዳኙ።

"አንዴ ይሁን፣ ሁለቴ ይሁን። ሦስተኛው ከከሸፈ ፎቁን ለወንድምሽ ትለቂያለሽ። እሱ እንኳ በር ይሠራል፤ አንቺ የምትፈለፍይው ሬሳ ነው።"

ምስማር እጇን ዘርግታ የእናቷን እጅ መታች። በዚህ ቤት እጅ ከተመታ ወዲያ ወደ ኋላ የለም። ሦስተኛው ዙር እነሆ ዛሬ ነው። ማሽኖቹ ውስጥ ዕንቁላሎቹ መሰንጠቅ ጀምረዋል፤ መብራቱ ደግሞ እንደ ልማዱ ገና ጎሕ ሲቀድ ጠፍቷል። ቴስታ ጄኔሬተር አለው። ጄኔሬተሩን ቆልፎባት ቁልፉን አንገቱ ላይ አንጠልጥሏል። ምስማር ማሽኖቹን በብርድ ልብስ ጠቅልላ ሙቀታቸውን እንደ ልጅ አቅፋዋለች፤ ብርድ ልብስ ግን የሚያስቆየው ጥቂት ሰዓት ነው።

ጣሪያው ላይ ያለው ተስፋዋ ቲዎሪ የሚባለው የሶላር ገጣጣሚ ነበር። የተማረበት ሙያ ስለሆነ አንድ ብሎን ሲያጠብቅ የብሎንን ታሪክ ከመነሻው ይተርካል። የራስ ቁር፣ ጥቁር መነጽርና የቆዳ ጓንት አድርጎ ሲታይ ፓነል ሊተክል ሳይሆን አገር ሊወር የመጣ ይመስላል። ቢሆንም እጁ ፈጣን ነው። ትራፓኖውን ይዞ ቆርቆሮውን ከሥር ካለው እንጨት ጋር በስቶ የብረት እግሮቹን ሰካ፤ በእግሮቹ ላይ ረጃጅም የአሉሚኒየም ሐዲዶች አጋደመ፤ በሐዲዶቹ ላይ ፓነሎቹን አንድ በአንድ እያስተኛ በመያዣ ቆነጠጣቸው። ምስማር ከኋላው ብሎን ታቀብላለች፣ በዓይኗ ደግሞ መሰላሉን ትጠብቃለች።

ቲዎሪ ፓነሎቹን አያይዞ ከጫፋቸው ሁለት ገመድ ሲያወጣ፣ ልታግዘው ብላ የገመዶቹን ጫፍ ባንድ እጇ አፈፍ አደረገች። በጥፊ እጇን መታት። ገመዶቹ ወደቁ።

"አንተ! ማንን ነው የምትመታው?"

"እህቴ፣ ልትሞቺ ነበር!"

"መብራት የለም እኮ። ደግሞ ቢኖርስ፣ ወርጄ ፊውዙን ነቅዬዋለሁ። ፊውዙ ኪሴ ነው።" ኪሷን መታ መታ አደረገች።

በዚህ ቤት ስለ ኤሌክትሪክ የነበረው እምነት ይህ ብቻ ነው። አባትየው ወጣት ሳሉ አንድ ጎረቤታቸው መብራት በጠፋበት ሽቦ ሊቀጥል ወጥቶ፣ መብራቱ ድንገት መጥቶበት ሽቦው ላይ ደርቆ ቀረ። ከዚያ ወዲህ አባትየው አምፖል ለመቀየር እንኳ የቆጣሪውን ፊውዝ ነቅለው ኪሳቸው ሳይከቱ ወንበር ላይ አይወጡም፤ መብራት ቢኖርም፣ ባይኖርም። ኪሳቸውን መታ አድርገው "ፊውዙ ኪሴ ነው" ሲሉ ቤተሰቡ በሙሉ ይተነፍሳል። ልጆቻቸው አንድ ሁለት ብለው መቁጠር ሳይችሉ ይህችን ቃል ቻሉ። ፊውዝ ኪሱ የገባ ሰው ለእነሱ የማይሞት ሰው ነው።

ቲዎሪ መነጽሩን አወለቀ። ሲቆጣ ነው የሚያወልቀው።

"እህቴ፣ ይሄ ከቆጣሪ የሚመጣ አይደለም። ፓነሉ ፀሐይ ካየ ሥራ ላይ ነው። ታች ብታጠፊ፣ ቆጣሪውን ነቅለሽ ወንዝ ብትጨምሪው፣ እዚህ ገመድ ላይ እሳት አለ። ፀሐይ ፊውዝ የላትም! ማጥፋት ከፈለግሽ ሸፍኚው፤ ሌላ መላ የለውም።"

"በጥፊ ነው እንዲህ የሚባለው?"

"በቃል ብነግርሽ ትሰሚ ነበር?"

እውነቱን ነው። እጇን እያሻሸች ፊውዙን ወርዳ መለሰችው። አንድ ዓለም እንደፈረሰባት ሁሉ ቅር አላት፤ ግን ገባት።

ቴስታ የወጣው ያን ጊዜ ነው። ዓይኖቹ በርበሬ መስለዋል፤ በእጁ የመስኮት ፍርግርግ ሊሆን የነበረ የብረት ዘንግ ይዟል። መሰላሉን ጨርሶ ቆርቆሮው ላይ ሲቆም ጣሪያው ሁሉ ጓ አለ።

"ከጣሪያዬ ውረዱ!"

"የማን?" አለች ምስማር። "አባትህን ሁለተኛ ልትገድላቸው ነው?"

"በኩር እኔ ነኝ! ከሰማይ በታች ያለው የኔ ነው!"

"ከሰማይ በታች ያለውማ ዕዳ ነው፣ ጋሼ። ውሰደው።"

ዘንጉን ሰበቀ። ምስማር ጎንበስ ስትል ብረቱ የራስ ቅሏን ስቶ የቲዎሪን የራስ ቁር ቀነጠሰው፤ ቁሩ እየተንከባለለ መንገድ ላይ ወደቀ። ቲዎሪ ራሱ አብሮት የወደቀ መስሎት በሁለት እጁ ጭንቅላቱን ዳበሰ። ቴስታ ሁለተኛ ሲሰነዝር ምስማር ከእግሩ ሥር ገብታ ባቱን ነከሰችው። እንደ ልጅነታቸው። በሱሪው ላይ ጥርሷ ገጠመ። ፀጉሯን ጨምድዶ ጉንጯን ቆርቆሮው ላይ ፈተገው፤ ከቆርቆሮው ወጣ ያለ ብሎን ከቅንድቧ እስከ ጆሮዋ ሲቀድዳት ታወቃት።

ከታች የእናትየው ድምፅ መጣ። "ማነው የሞተው?"

"ማንም!" አሉ ሁለቱም ባንድ አፍ።

"እንግዲያው ምን ያስጮሃችኋል? ጎረቤት አለ እኮ!"

ምስማር ቆርቆሮውን ስትዳብስ እጇ የቲዎሪን ትልቅ የብሎን መፍቻ አገኘ። ተነስታ ልትመታው አልሞከረችም፤ ከተኛችበት ወደ ላይ ወረወረችው እንጂ። መፍቻው የቴስታን አፍ አገኘ። ጥርስ ሲሰበር የሚሰማው ድምፅ ትንሽ ነው፤ ያን ያህል ሰውዬ ግን ቁጭ አደረገው። ጥርሱ በቆርቆሮው ሸንተረር ላይ ቅርር እያለ ወርዶ አሸንዳው ውስጥ ገባ። ቴስታ ጥርሱን በዓይኑ ሸኘው። ደም ተፋ።

"ቆይ" አለ እየተኮላተፈ፣ "ቆይ ብቻ።" ባቱን እየጎተተ መሰላሉን ወረደ።

"ጨርስ" አለች ምስማር ለቲዎሪ። ፊቷ ግማሹ ደም ነው።

"እህቴ፣ እኔ ልጆች አሉኝ።"

"እኔም አሉኝ። ማሽን ውስጥ ናቸው። ጨርስ!"

ጨረሰ። ገመዶቹን በግድግዳው አውርዶ የፀሐዩን ኃይል ለማሽኖቹ እንዲሆን ከሚቀይረው፣ ፎቁ ውስጥ ካለው ኢንቨርተር ጋር አገናኘ፣ ባትሪዎቹን አሰረ፣ ማብሪያውን ከፍ አደረገ። መጀመሪያ ምንም አልሆነም። ቀጥሎ አንድ ትንሽ አረንጓዴ መብራት ቦግ አለች። ከዚያ የማሽኖቹ ማራገቢያዎች እንደሚያጓራ ሰው ድምፃቸውን ጠራርገው መዞር ጀመሩ። ምስማር ብርድ ልብሶቹን ገፋ አድርጋ በመስታወቱ አጮለቀች። ትሪው ላይ ዕንቁላሎቹ ይንቀጠቀጣሉ። አንዱ ውስጥ ጭው የሚል ቀጭን ድምፅ ሰማች።

የማሽኖቹን ድምፅ ግን የሰማችው እሷ ብቻ አልነበረችም። ታች፣ ብየዳ ቤቱ ውስጥ፣ ቴስታ አፉ ላይ ጨርቅ ይዞ እንደተቀመጠ ኮርኒሱ ከላይ ማጉረምረም ጀመረበት። አምፖሉን ቀና ብሎ አየ፤ ጠፍቷል። ሰፈሩ በሙሉ መብራት የለውም፤ የእህቱ ማሽን ግን ይሠራል። ጨርቁን ወርውሮ ተነሳ። ወደ ቆጣሪው ሄደ። ፊውዙን ነቀለ፣ ኪሱ ከተተ። መንገዱ ላይ ትልቁን የብረት መቁረጫ መቀስ ከግድግዳው አነሳ፤ ጣት የሚያህል ብረት እንደ ቅቤ የሚቆርጠውን።

ምስማርና ቲዎሪ ጣሪያው ላይ ነበሩ፤ የተላቀቀ መያዣ ሊያጠብቁ ተመልሰው። ፀሐይዋ አናት ላይ ናት፣ ፓነሎቹ ያብረቀርቃሉ። ቴስታ ብቅ ሲል ቲዎሪ፣ ለክብሩ ሲባል ይነገር፣ በሁለት እጁ ሊያግደው ፊቱ ቆመ። "ወንድሜ፣ አንዴ ላስረዳህ—" አላስረዳም። ቴስታ እጁን ሳያነሳ በግንባሩ ደረቱን መታው። የጎድን አጥንት ሲሰበር ምስማር ሰማችው። ቲዎሪ ቆርቆሮው ላይ በጀርባው ተዘረረ፤ አፉ ይከፈታል፣ ይዘጋል፣ ትንፋሽ የለም። ዕድሜውን ሙሉ ሲያስረዳ የኖረ ሰው ድምፅ አጣ።

ቴስታ ከፓነሎቹ ሥር ወደሚወርዱት ሁለት ገመዶች ተጠጋ። በግራ እጁ አንድ ላይ ጨብጦ ጎትቶ አወጣቸው። መቀሱን በቀኙ ከፈተ። የመቀሱ እጀታ ላስቲክ አልነበረውም፤ ከተላጠ ቆይቷል፤ ባዶ ብረት ነው። ሸሚዙ በላብና በደም ረጥቧል።

ወደ እህቱ ዞረ። በተሰበረ ጥርሱ ሳቀ። በመቀሱ ጫፍ ኪሱን መታ መታ አደረገ።

"ፊውዙ ኪሴ ነው!"

ቲዎሪ ከተዘረረበት ዓይኑን አፍጥጦ ምስማርን አያት። እጁን ወደ ፀሐይዋ አነሳ፤ ወደ ገመዱ አመለከተ፤ መልሶ ወደ ፀሐይዋ። ንገሪው፣ ንገሪው ነው የሚለው።

አንዲት ቃል ብቻ ነበረች። ምላሷ ላይ ናት፤ ከጠዋቱ ጥፊ ጋር አብራ የገባች። ለመናገር ጊዜ ነበራት፤ ሰውየው አላጣደፋትም፣ መሳቁን ገና አልጨረሰም። ምስማር አፏን ከፈተች። ያን ጊዜ ፎቁ ታያት። ባዶ፣ ማሽኖቹ ወጥተው፣ ግድግዳው ላይ በርና መስኮት ተደግፎ። ጫጩቶቹ ምንቃራቸውን እንዳወጡ። ከዚያ ደግሞ ሌላ ነገር ታያት፤ ወንድሟ የሌለበት ሕንፃ። ጸጥ ያለ ደረጃ። አፏን ዘጋች።

መቀሱ ገጠመ።

ነጎድጓድ አልነበረም። አንድ ብው የሚል፣ ጨርቅ ሲተረተር የመሰለ ድምፅ፣ ከዚያ ደግሞ ዕድሜውን ሙሉ በጭንብል ያየው ሰማያዊ ነበልባል፣ ያለ ጭንብል፣ እጁ ላይ በራ። መቀሱ ከገመዱ ጋር ተበየደ፤ የቴስታ ጣቶች ከመቀሱ ጋር ተጣበቁ። ሊለቅ አልቻለም። ጅማቱ ሁሉ ተወጥሮ፣ አንገቱ ወፍሮ፣ ጥርሱን ነክሶ ይንቀጠቀጣል። የተቃጠለ ሥጋና የተቃጠለ ፕላስቲክ ባንድ ላይ ሸተቱ። ዓይኑ እህቱ ላይ ነበር።

ምስማር የትኛው እግሯ ቀድሞ እንደተነሳ አታውቅም። ከጥገናው የተረፈ ደረቅ የሞራሌ እንጨት ጣሪያው ጥግ ወድቆ ነበር፤ አነሳችው። እንደ መጥረቢያ ከትከሻዋ በላይ አንስታ የወንድሟን ክንድ መታችው። አጥንቱ ቀጭ አለ፤ እጁ ግን አልለቀቀም። "ልቀቅ! ልቀቅ አንተ ውሻ! ልቀቅ!" ሁለተኛ መታችው። ሦስተኛ መታችው። ከልጅነቷ ጀምሮ ያጠራቀመችው ምት ሁሉ ባንዴ ወጣ፤ ዱላው ሲያርፍ አዳኝ ትሁን ገዳይ የሚለይ ሰው በዚያ ጣሪያ ላይ አልነበረም። በመጨረሻ መቀሱ ተመንጭቆ ተፈናጠረ፣ ነበልባሉ ጠፋ፣ ቴስታ በግንባሩ ቆርቆሮው ላይ ተደፋ።

እናትየው በዚህ ዕድሜያቸው መሰላል ወጥተው ጭንቅላታቸው ብቅ ያለው ልክ በመጨረሻው ምት ላይ ነው።

"ገደለችው! ልጄን ገደለችው!"

"እማዬ፣ አድኜው ነው!"

"በዱላ?" ጫማቸውን አውልቀው ወረወሩ። አፍንጫዋን አገኛት።

ቴስታ አቃሰተ። ይተነፍሳል። ሸካሚዎቹና የጎረቤት ሰዎች በአንሶላ ተሸክመው አወረዱት፤ መዳፎቹ ጠቁረው፣ ቀኝ ክንዱ ክርን የሌለበት ቦታ ታጥፎ። እናትየው አንዱ ሸካሚ በሚነዳው የቲዎሪ መኪና ውስጥ ጭንቅላቱን ታፋቸው ላይ አድርገው ወደ ሕክምና ቤት ሄዱ። መኪናው ሲነሳ በመስኮት፣ "አንቺም ነይ!" ብለው ጮኹ።

አልሄደችም። ማራገቢያዎቹ ቆመው ነበር፤ ባትሪዎቹ ገና ፀሐይ አልጠጡም፣ የያዟት ጠብታ አልቃለች።

ብርድ ልብሶቹን ከማሽኖቹ ላይ ገፍፋ ወደ ጣሪያ ተሸከመቻቸው፤ ፓነሎቹን አንድ በአንድ እንደ ሬሳ ሸፈነቻቸው። ቲዎሪ ጎኑን ይዞ የመሰላሉን ጫፍ ተደግፎ ተቀምጧል። ድምፁ ሲመለስ በሹክሹክታ ነበር። "ቀዩን ከቀዩ፣ ጥቁሩን ከጥቁሩ። ልጠሽ አጣምሪ። አታገናኚያቸው፣ ለየብቻ። ጠቅልይ።" ከዚህ በላይ አላስረዳም። እንዳላት ቀጠለችው፤ ገመዱ ላይ የተጣበቀውን የወንድሟን ቆዳ በጥፍሯ ፋቀችው። ከዚያ ብርድ ልብሶቹን ገፈፈች። ከታች ማሽኖቹ ሲያጓሩ ሰማች። ያኔ ነው ቆርቆሮው ላይ ተንበርክካ ያስታወከችው።

ጫጩቶቹ ሌሊቱን ሙሉ ወጡ።

ወደ ሕክምና ቤቱ የሄደችው በማግስቱ ነው። ቅንድቧ ተሰፍቷል፣ አፍንጫዋ አብጧል። ቴስታ ሁለት እጁ እስከ ክርኑ በፋሻ ተጠቅልሎ፣ አንዱ በጀሶ፣ ትራስ ተደግፎ ተቀምጧል። እናትየው ሲያዩዋት ተነስተው ወጡ፤ ሲያልፉ ትከሻዋን ዳሰስ አደረጉ። አጠገቡ ያለው ብርጭቆ ውስጥ የመምጠጫ ቀሰም ተነክሮበታል።

"ተፈለፈሉ?" አለ።

"ተፈለፈሉ።"

"ሁሉም?"

"ጥቂት ሞተዋል። የቀሩት ቆመው ሰው ይሰድባሉ።"

በአፍንጫው ሳቀ፤ ሳቁ ክንዱን ስላመመው አቆመ። "ፎቁ ያንቺ ነው። እማዬ ነግራኛለች።" የታሰሩ እጆቹን ቁልቁል አየ። "ሐኪሙ እህትህ አድናሃለች ይላል። እማዬ ደግሞ ልትጨርስህ ነበር ትላለች።"

"ሐኪሙ ተምሯል።"

"እማዬ ግን አይታለች።"

ወንበሩን ስባ ተቀመጠች። በመስኮቱ የሚገባው ፀሐይ አንሶላው ላይ ወድቋል፤ ሁለቱም ያዩታል።

"ቲዎሪ መጥቶ ነበር" አለ ቴስታ። "ጎኑን አስሮ። ይቅርታ ልጠይቀው ስል፣ ያው ታውቂዋለሽ፣ ማስረዳት ጀመረ። ሁሉንም አስረዳኝ። ትናንት ጠዋት እጅሽን በጥፊ የመታሽ ጊዜ ምን ብሎ እንደነገረሽም ጭምር።"

ምስማር ብርጭቆውን ያዘች። ልታጠጣው ሳይሆን ሌላ የምትይዘው ስላጣች ነው።

"ብነግርህ ታምነኝ ነበር?" አለች።

አሰበ። ቴስታ ሲያስብ ያየችው ያን ቀን የመጀመሪያዋ ነው፤ ግንባሩ ሁሉ ይሸበሸባል።

"አላምንሽም ነበር" አለ። "የት አባሽ ብዬ እቆርጠው ነበር።"

"ታዲያ?"

"ቢሆንም መንገር ነበረብሽ።"

በንዴት አልነበረም። በንዴት ቢሆን መልስ ነበራት፤ ዕድሜ ልኳን የተለማመደችው እሱን ነው። ከንፈሩ ደርቆ መሰነጣጠቁን አየች። ብርጭቆውን አንስታ ቀሰሙን ወደ አፉ አስጠጋችለት። አፉን አልከፈተም፤ ፊቱን ወደ ግድግዳው መለሰ። ክንዷ እስኪዝል ድረስ፣ ከዛለም በኋላ፣ ብርጭቆውን እንደዘረጋች ተቀመጠች።